ማሰሮው የገባበት ቤት

ምህረት ስትቆጣ አትጮኽም። የያዘችውን ጠመኔ ቀጭ አድርጋ ትሰብረዋለች። ጂንካ ውስጥ እንግሊዝኛ የምታስተምራቸው ልጆች ይህን አመሏን ስለሚያውቁ፣ ጠመኔ ሲሰበር የኋላ ወንበር ሳይቀር ጸጥ ይላል። ከሁሉ የባሰ የሚያናድዳት ደግሞ ስለ በር ማስተማር ነው። በር ምን አደረጋት? ለማያውቃት ሰው ግር የሚል ነገር ነው።

ያደገችው ከጂንካ በላይ ባለ የአሪ መንደር፣ ከሸክላ ሠሪ እናት ጉያ ነው። እናቷ ኪያ ጭቃ ረግጣ፣ አሽታ፣ ቅርጽ አውጥታ፣ ተኩሳ የሠራችው ድስትና ማሰሮ በዚያ ቀዬ ያልገባበት ቤት የለም። እሷ ግን አንዱም ቤት ገብታ አታውቅም። ሸክላ ሠሪ የገበሬ ቤት ደጃፍ አይሻገርም፤ ልማዱ ነው። ልማድ የሚባለው ነገር መቼም የሚያዋርደው አንዱን ወገን ነው፣ የሚጠብቀው ሌላው ወገን ነው።

ምህረት ትንሽ ልጅ ሳለች፣ መንግሥት ተለውጦ በየስብሰባው ስለ እኩልነት በሚጨበጨብበት ዘመን፣ ከእናቷ ጋር ሸክላ ልታደርስ ወደ አንድ ቤት ሄደች። ዝናብ መጣ። የቤቱ ሰዎች ተሯሩጠው ድስቶቹን አስገቡ። እናትና ልጅ ጠፈጠፍ ሥር ቆመው ቀሩ። ኪያ ውሃ ብትለምን በእንሰት ቅጠል ቀድተው፣ እጃቸው እጇን እንዳይነካ ተጠንቅቀው ሰጧት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ልጅቷን ያንገበገባት ዝናቡ አልነበረም፤ ያ ምስጋና ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ቃላት አመጣጥ የሚያወራ ትምህርት ገጠማት። ከአውሮፓ እስከ ሕንድ የሚነገሩ ብዙ ቋንቋዎች ከአንዲት ጥንታዊ እናት የተወለዱ ናቸው ይላል። እናቲቱ ጽሑፍ አልተወችም፤ ሊቃውንቱ የልጆቿን መልክ እያዩ የእሷን መልክ ይገምታሉ። የእኛ "ቤት" ከዚያ ዘር አይደለም፤ እሱ ከዓረብኛውና ከዕብራይስጡ ጋር የራሱ ቤተሰብ አለው። የዚያች እናት ቤት "ዶም" ነበር፣ ወይም ለዚህ የቀረበ ድምፅ። ሩሲያዊው ዛሬም ቤቱን "ዶም" ይለዋል። ሮማዊው "ዶሙስ" አለው፤ ከዶሙስ የቤቱ ጌታ "ዶሚኑስ" ወጣ፣ እመቤቲቱ "ዶሚና" ወጣች፣ ከእሷም ፈረንሳዮቹ "ማዳም"ን አወጡ። ምህረት እዚህ ላይ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች። ቱርሚ ገበያ ጨሌ የሚሸጡት ልጆች "ማዳም! ማዳም!" እያሉ ቱሪስት ሲከተሉ፣ ለካ ያን ሁሉ ሺህ ዓመት የኖረ ቤት በአፋቸው ይዘው ነው የሚሮጡት። እንግሊዞቹ "ሆም" የሚሉት ደግሞ ከሌላ ሥር ነው፤ ጋደም ከማለት፣ ከመስፈር ጋር ያዛምዱታል። እሱንም ወደደችው። ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ቤት ቢባል ማን ይከፋዋል?

ሳቋ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። "ድወር" ከሚል ሥር የእንግሊዙ "ዶር"፣ የሩሲያው "ድቬር"፣ የሕንዱ "ድቫር" ተወለዱ። ሮማውያን ዘንድ ያው ሥር "ከበር ውጭ" ለማለትም ዋለ፤ ከዚያ ነው እንግሊዝኛው "ፎሪን" የመጣው፣ ባዕድ ማለት። ለካ ባዕድ የሚባለው መጀመሪያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው አልነበረም፤ በር የተዘጋበት ሰው ነው። መጽሐፉን ከድና ወጣች። እናቷ ተወልዳ ባደገችበት ቀዬ፣ የራሷን ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች መካከል፣ ባዕድ ነበረች።

ለእረፍት መጥታ ይህን ስትነግራት ኪያ ጭቃዋን እያሸች አዳመጠች። "ይኼን ለማወቅ ነው ያን ያህል ዓመት የተማርሽው?" አለቻት።

ሰይጣን ሲያላግጥ ደግሞ፣ ምህረት የወደደችው ሰው ዘሩባቤል ሆነ። ጂንካ ውስጥ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ ወርቅነህ ግን የዚያ የእንሰት ቅጠል ቤት ጌታ ነው። ምህረት ለጋብቻው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "እናቴ በአባትህ በር ትገባለች። ካልገባች ሠርግ የለም።"

"ችግር የለም" አላት። ችግር የለም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ደርሶበት የማያውቅ ሰው ነው።

ወርቅነህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እሑድ እሑድ ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን ብሎ ሲያስተምር እንባ ይተናነቀዋል። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ! ባለፈው ሚያዝያ ለትውውቅ ኪያን ሲጠራ ግቢው ውስጥ የሚያምር ዳስ አስጣለ፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ አበባ ተንጠለጠለ። ኪያ ሻሿን አስራ፣ አዲስ ማሰሮ በስጦታ ይዛ መጣች። ማሰሮውን ተቀብለው ወደ ቤት አስገቡት። እሷን ዳሱ ውስጥ፣ የክብር ቦታ ላይ አስቀመጧት። "ለእኔ ብለው ዳስ ጣሉ" አለች ደስ ብሏት። ምህረት ግን ገብቷታል። ዳሱ የተጣለው ኪያ እንድትከበር አይደለም፤ ቤት እንዳትገባ ነው። ምህረትንማ አስገብተዋታል፤ ዲግሪ ደጃፍ ያሻግራል።

ምሳ ሳይቀርብ ዝናቡ ወረደ። የኦሞ ዝናብ ማስጠንቀቂያ የለውም። ዳሱ ማፍሰስ ሲጀምር እንግዳው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ወደ ቤት ሮጠ። ኪያ ተነስታ ሄዳ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጠፈጠፍ ሥር። ያኔ የቆመችበት ቦታ ላይ።

"እማ፣ ግቢ እንጂ!"

"ያባራል። እኔ ለምጄዋለሁ።"

ምህረት ዘሩባቤልን ዞር ብላ አየችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰው ፊት ነው፤ ለዛሬ እለፊው። ቀስ በቀስ ይለመዳል" አላት።

"ማን ነው የሚለምደው? እሷማ ለምዳዋለች!"

ጠመኔ በእጇ አልነበረም። ወደ ጓዳ ገባች። የውሃውን ማሰሮ አንስታ አወጣችና ዝናቡ ላይ አስቀመጠችው። ተመልሳ ሌላውን አወጣች። የዘሩባቤል እናት "ኧረ ልጄ ምን ነክቶሽ ነው?" ብትላት፣ "እናቴ የማትገባበት ቤት የእናቴ እጅ ሥራ ምን ይሠራል?" አለቻት። ከዚያ ጉልቻው ላይ የሚንተከተከውን የወጥ ድስት በጨርቅ ይዛ አነሳች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። በሩ ጋ ደረሰች።

"አንቺ! ትኩሱን?" ኪያ ጮኸች። "ዝናብ ሊነካው! ይሰነጠቃል!"

ብላ ደጃፉን ዘለለች። ልጇን ከነድስቱ እየገፋች ወደ ውስጥ መለሰቻት፣ ድስቱን ቀምታ ጉልቻው ላይ አስቀመጠች፣ በመዳፏ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ደህና ነው። እፎይ ብላ ቀና ስትል ሰው ሁሉ እሷን ያያል። ያኔ የት እንደቆመች አየች።

ወዲያው አልወጣችም። ጥጉን ሁሉ እየተዟዟረች ተመለከተች። የቤቱ ሸክላ ሁሉ የእሷ ነበር። "ይኼ የኔ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ይቺም። የዚህን ጆሮ ማን ሰበረው?"

ወርቅነህ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷን ሳያይ ወደ ልጁ ዞሮ፣ "እንግዲህ አንዴ ገብታለች፤ ምን ይደረግ፣ ትቀመጥ" አለ።

ምህረት እስከዚያ ቀን እናቷን ስትቆጣ አይታት አታውቅም። የራሷ ቁጣ ከወዴት እንደመጣባት ያን ቀን ገባት፤ ጠመኔ የሚሰብረው ቁጣ ከኪያ የተዋሰችው እንጂ የራሷ ብቻ አልነበረም።

"አቶ ወርቅነህ" አለች ኪያ፣ "እኔ እዚህ ነኝ። ለእኔ ይንገሩኝ።"

ኪያ ሻሿን አጠበቀች፣ ደጃፉን ተሻግራ ወጣች፣ ጠፈጠፉ ሥር ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ ቆመች። "ያስገባኝ ድስቱ ነው" አለች። "አሁን ደግሞ ሰው ያስገባኝ።"

ዘሩባቤል ወጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ውሃው አናቱ ላይ ይወርዳል። "አባ፣ እኔንም ጥራኝ" አለ። ምህረት ይቅር አላለችውም፤ ግን ከ"እለፊው" ይሻላል አለች በልቧ።

ወርቅነህ ከወንበሩ ተነሳ። እየከበደው ሄዶ በሩ ላይ ደረሰ። ሊጠራት ጀምሮ ተወው። ፊቱ ጠቆረ። ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ይመስል፣ "ስሟ ማን ነው?" ሲል ጠየቀ።

በዚያች ሴት ድስት በልቶ ልጆች አሳድጓል። ልጇን ለልጁ ሽማግሌ ልኮ አስጠይቋል። ስሟን አያውቅም! ምህረት የምትሰብረው ነገር አጥታ ጣቶቿን ጨመቀች።

ኪያ ልጆቹን ቀድማ መለሰች። "ኪያ እባላለሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ።"

"ወይዘሮ ኪያ" አለ ወርቅነህ። "ወደ ቤት ይግቡ።"

ኪያ አልቸኮለችም። በአንድ እግሯ ቆማ የሌላውን ጭቃ በእንጨት ፈቀፈቀች፣ ከዚያ ያኛውን። ሽማግሌው በሩን ይዞ፣ ጠፈጠፉ ትከሻውን እያራሰው፣ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።