ሙሽራው ብድግ አለ

ጓደኛዬ ዲያቆን አስናቀ ደብረ ታቦር ነገረ መለኮት ይማራል። ጥናት ከያዘ ሰው አያይም። እጮኛው ጽጌ ከአንበሳሜ ድረስ ልትጠይቀው መጥታ እንኳ፣ ምሳ እየበላ ትምህርቱን ያነበንብባታል። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ጥዬው እሄድ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን መረራትና «የሰርጋችን ቀን ጥናትም አገልግሎትም የለም፤ ሙሽራ ብቻ ትሆናለህ!» አለችው። እኔው ፊት ቃል ገባላት።

ሰርጉ ደረሰ፤ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው ተቀምጠዋል። ስብከቱ እንዳለቀ ተረኛው ዲያቆን ሕዝቡን ለጸሎት ሊያስነሣ አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው። ይሄኔ አስናቀ ከነአክሊሉ ብድግ ብሎ «ተንሥኡ ለጸሎት!» ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ አዜመው። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ግር ብሎ ተነሣ።

መምሬ ገሰሰ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው «አንተ፣ ዛሬ እኮ ሙሽራ ነህ!» አሉት።

አስናቀ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወደ ጽጌ ጎንበስ ብሎ «ይቅር በይኝ፣ አመለጠኝ» አላት።

ጽጌ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

«ዝም ብትል ኖሮ» አለችው፣ «ሌላ ሰው ያገባሁ ይመስለኝ ነበር።»