ሰካራሙ የመታቸው ቁጥሮች

በጠመንጃ ማደሻው አዳራሽ ውስጥ «አንባቢው» የሚሉት ሰው ነበረ። መጽሐፍ እንኳ ብዙም አይወድም፤ የሚያነበው ብረት ነው። ከጦር ሠራዊት የተረፉ አሮጌ ጠመንጃዎች በሣጥን ታጭቀው ሲመጡ ግራሶውን በናፍጣ ያጥባል፣ በጨርቅ ይወለውላል፣ ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አፍንጫው ብረቱን እስኪነካ ይጎነበሳል። የት አገር ተሠራ፣ ማን ታጠቀው፣ ስንት ጊዜ ታደሰ፤ ሁሉም እዚያው ላይ ተመትቷል። ፈትሾ ሲጨርስ የራሱን የፈታሽ ቁጥር ከጎኑ ይመታበታል።

ይህ ሥራ ሰልችቶት አያውቅም። አንዱን ጠመንጃ ሲያገላብጥ የሦስት መንግሥታት ምልክት ያገኝበታል። የመጀመሪያው ዘውድ በሞረድ ተፍቆ ጥላው ብቻ ቀርቷል፤ በላዩ የሌላው ንስር፣ ከንስሩ ጎን ደግሞ አንባቢውም የማያውቀው ፊደል። በእንጨት ሰደፉ ላይ አንድ ወታደር በጩቤ ጫፍ የሴት ስም ጀምሮ ሳይጨርስ ትቶታል። «አጃኢብ እኮ ነው!» ይላል አንባቢው። «ባለቤቶቹ የሉም፣ ብረቱ ግን ዛሬም ያወራል።»

እዚህ ሥራ የገባው በእናቱ ምክንያት ነው። እሱን እያጠባች የሞተችው እናቱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ቁጥር መቺ ነበረች። ጠመንጃ ተፈትቶ ሲገጣጠም የአንዱ መቀርቀሪያ ለሌላው ይሰጣል፤ መቺዋ መቀርቀሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ቁጥር በአንድ ሰረዝ ትሰርዝና አዲሱን በብረት ማህተምና በመዶሻ ትመታለች። ፎቶግራፍ አልተወችም። አባቱም ስለ እሷ ሲጠየቅ ጥርሱን ነክሶ ዝም ነው። ልጅየው ታዲያ ቢያንስ የእጇን ሥራ አይቼ ልወቃት ብሎ መጣ።

ከብዙ ዓመት ፍለጋ በኋላ ልቡ አንዲት ትንሽ ኮከብ ላይ አረፈ። በድሮዎቹ ጠመንጃዎች ላይ ከቁጥሩ ጎን የተመታች፣ ጥርት ያለች፣ አንዴም ዝንፍ የማትል ኮከብ ናት። «እናቴ ማለት ይቺ ናት» ብሎ ለራሱ ፈረደ። ባገኛት ቁጥር በአውራ ጣቱ ይዳብሳታል።

በእነዚያው ጠመንጃዎች ላይ ደግሞ የሚያበሳጨው ሰው ነበረ። ይህ ሰው የመታቸው ቁጥሮች ነፋስ እንደሚገፋቸው መንገደኞች ወደ አንድ ጎን የተጋደሙ ናቸው፤ ሰረዙም ከሌላው መቺ ሁሉ በተቃራኒ የተሰመረ ነው። አንባቢው «ሰካራሙ» ብሎ ስም አወጣለት። «ሰካራሙ ዛሬም መጥቷል!» ሲል፣ አጠገቡ ሰደፍ የሚጠግነው አናጢ ሳቁን ይለቀዋል። ጠማማ ቁጥር በሞረድ ፍቆ ቀጥ አድርጎ መምታት ደንብ ስለሆነ፣ አንባቢው የሰካራሙን ሥራ እየተራገመ ሲፍቅ ኖረ።

በዚህ ዓመት አባቱ ሞተ። በዚያው ሰሞን ማደሻው ሊዘጋ ነው ተባለ፤ ጠመንጃዎቹ ከሄዱ ኮከቧም አብራ ልትሄድበት ነው። ስለዚህ ብረቱ ላይ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ አሸው፤ የወጣውን ምልክት ይዞ አክስቱ ቤት ሄደ። የአባቱ እህት ናቸው፤ በወጣትነታቸው እዚያው ጠመንጃ ግራሶ ይቀቡ ነበር። ወንድማቸው የሟቿን ነገር እንዳያነሱ አስምሏቸው ስለነበር እስከዛሬ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

«እቴቴ፣ የእናቴን ምልክት አገኘሁልሽ!» አለ ገና ሳይቀመጥ።

አክስቱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩና ሳቁ። «ይቺን ኮከብ ነው? ይቺ እኮ የአለቃችን ናት። ያ ጉረኛ! እኛ ለፍተን ስንጨርስ መጥቶ በሁላችን ሥራ ላይ ኮከቡን ይመታል።»

አንባቢው ክው አለ። «የእናቴስ ታዲያ?»

«እናትህ ምን ምልክት አላት? ቁጥር ነው የምትመታው።» ጣታቸው በወረቀቱ ጠርዝ አብሮ ወደ ወጣው ቁጥር ሄደና ቆመ። ሳቃቸው ጠፋ። «ውይ በሞትኩት! ይኸው እዚህ አለች እኮ። እንዲህ ተጋድማ! ግራኝ አልነበረች? መዶሻውን በግራ እጇ ነው የምትይዘው፤ አለቃው ቢጮህ ቢጮህ፣ ወይ ፍንክች!»

አንባቢው ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«አንተም እኮ ግራኝ ሆነህ ነው የተወለድከው» አሉ አክስቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አባትህ ማንኪያውን ከግራ እጅህ በነጠቀ ቁጥር ጓዳ ገብቶ ያለቅስ ነበር። እሷን እያየ አልቻለማ፣ የኔ ልጅ።»

ያን ማንኪያ ያስታውሰዋል። አባቱ ሥነ ሥርዓት የሚያስተምረው ይመስለው ነበር። ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው፤ በዚህ እጅ ስንት ጊዜ ፍቋታል? ከጸጸቱ የበለጠው ግን መደነቁ ነበር። ፊቷን የማያውቃት ሴት ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ሥራው ላይ ነበረች፤ አናድዳዋለች፣ አስቃዋለች፣ ስድቡን ችላ አብራው ውላለች።

በማግስቱ የመጨረሻው ሣጥን ተከፈተ። አንባቢው ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ፈለጋት፤ ከሁሉም አንዱ ላይ ብቻ ተገኘች፣ እንደ ልማዷ ተጋድማ። ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ አሰረው። እጁ ሳያስበው ሞረዱን አነሳ። ወዲያው መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ዘጋበት። ከዚያ መዶሻውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፣ የፈታሽ ቁጥሩን ከእሷ ቁጥር ጎን አስጠጋና መታው። ተጋድሞ ወጣ።

አናጢው አንገቱን አስግጎ አየ። «ኧረ ጉድ! ዛሬስ ሰካራሙ በአካል መጣ እንዴ?»

«አፍህን ያዝ» አለ አንባቢው፣ እያለቀሰም እየሳቀም። «እናቴ ናት።»