የዶሪስ እናት መኮሮኒ

ጋሽ ኃይለ መስቀል ምግብ ማብሰል የጀመሩት ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከምድጃ ጋር ትውውቅ አልነበራቸውም። ይህን ስል እያማኋቸው አይደለም፤ ራሳቸውም ይሉታል። ዕድሜያቸውን ዳላስ ኤርፖርት ላይ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔንም ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የትኛው ተርሚናል መቼ እንደሚሞላ፣ የትኛው ተሳፋሪ ወሬ እንደሚወድ፣ የትኛው ዝምታ እንደሚፈልግ ገና በር ሲከፍት ያውቁታል። ሽንኩርት እንዴት እንደሚላጥ ግን አያውቁም ነበር። ማወቅ ግድ የሆነባቸው ባለቤታቸው ዶሪስ መብላት ስታቆም ነው።

ዶሪስ ፈረንጅ ናት፤ የምሥራቅ ቴክሳስ ገጠር ልጅ። በወጣትነቷ የታክሲ ድርጅቱ ሬዲዮ ላይ ተቀምጣ ሾፌሮችን ወዲያና ወዲህ የምትልከው እሷ ነበረች። ጋሼ ያኔ ከሱዳን ስደት ገና መምጣታቸው ነውና የምትለው ሁሉ አልገባ ቢላቸው፣ «ይቺን ሴትዮ ፊት ለፊት ላናግራት» ብለው ቢሮ ሄዱ። ካዩዋት በኋላም የምትለው አልገባቸውም፤ ግን ተጋቡ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትዳር ነው። እኛ ሾፌሮቹ እትዬ ዶሪስ እያልን አንቱ ስንላት፣ ነገሩን አስተርጉማ ከተረዳች በኋላ «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ አታብዙኝ» ብላ ከለከለችን። ጾም ሲገባ ከባሏ እኩል ትጾማለች። ዴንተን ያለው ቤታቸው የሄደ ሰው ሳይበላ አይወጣም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመርሳት በሽታ ያዛት። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ ሰው መርሳት ጀመረች። አንድ ልጃቸውን ሶልያናን እንኳ አንዳንድ ቀን ነርስ መስላት «ስለ ደግነትሽ አመሰግናለሁ» ትላታለች፤ ልጅቷ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ታለቅሳለች። ጋሼን ግን አልረሳችም። ይህቺ ነገር ትልቅ ኩራታቸው ነበረች። ሳይጠየቁ «እኔን ታውቀኛለች» ይላሉ፤ ለሐኪሙም፣ ለቄሱም፣ ለፖስተኛውም።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ዶሪስ አፏን ዘጋች። የቤተ ክርስቲያን ሰው የማያመጣው ነገር አልነበረም፤ ፍሪጁ በሰው ድስት ተጨናንቆ በሩ አልዘጋ አለ። እሷ ማንኪያ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ሶልያና ፕሌኖ ካለው መሥሪያ ቤቷ በቀጥታ መጥታ እኔ ባለሁበት አባቷን ያዘቻቸው።

«ዳዲ፣ ዶክተሩ ያለውን ሰማህ አይደል? ማለቴ፣ ዌይቷ በጣም ወርዷል። እስከ ኔክስት አፖይንትመንት ካልበላች ሆስፒስ ኮል ማድረግ አለብን።»

«ማንም ሆስፒስ ኮል አያደርግም።»

«ዳዲ፣ እኔም እናቴ ናት!»

ሆስፒስ ማለት ማዳኑ ቀርቶ በሽተኛው ሳይሠቃይ እንዲሞት የሚረዱ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ትርጉሙ አልጠፋቸውም። ቀጠሮው የፋሲካ ማግስት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ዶሪስ መብላት አለባት፤ አለዚያ የሞት ዝግጅት ሊጀመር ነው። ጋሼ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻሉም። ስልክ ሲደወልላቸው እንኳ ከሰላምታ በፊት «አልበላችም» ነበር የሚሉት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነው።

«ታዲዮስ፣ ጠየቀች! በአፏ ጠየቀች!»

«ምን ጠየቀች ጋሼ?»

«የእማማን መኮሮኒና ቲማቲም አምጡልኝ አለች። ቶሎ ና፣ ሽንኩርት ይዘህ ና!»

ጥፋቱ እዚህ ላይ ጀመረ። መኮሮኒ ሲባል አበሻ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ጣሊያን ካስተማረን ጀምሮ መኮሮኒ በስጎ የማይበላ የከተማ ልጅ የለም። ስለዚህ ሁለት ወንዶች ተባብረን ሽንኩርቱን ከትፈን በዘይት እስኪበስል አቁላላን፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርን፣ ቲማቲሙን ፈጨን፣ ጋሼ ደግሞ «ለሽታ ያህል» ብለው በርበሬ ጣል አደረጉበት። ቤቱ ሸተተ። እኔ ራሴ ምራቄን ዋጥኩ።

ዶሪስ ሳህኑን አየችው። ከዚያ ጋሼን አየቻቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የጠየቅሽው መኮሮኒ ነዋ።»

«አይደለም» አለችና ግድግዳውን ታይ ጀመር።

በማግሥቱ ሽንኩርቱንም በርበሬውንም ተዉት። ጋሼ ቁጭ ብለው ሲያስታውሱ፣ እሷ ራሷ ስትሠራላቸው የኖረችው ሌላ ነው። የቆርቆሮ ቲማቲም፣ የተቀቀለ መኮሮኒ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ስኳር፤ በፍስክ ቅቤ፣ በጾም ዘይት። ሌላ ምንም የለውም። በብርድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ታቀርብላቸው ነበር። እሱኑ ሠሩ። ለእሷ ነውና ቅቤውን አልሰሰቱም።

ዶሪስ አንድ ማንኪያ ወሰደች። አላመጠችና መልሳ ሳህኑ ላይ ተፋችው።

«ይኼ ለኃይሌ የምሠራው ነው» አለች። «እኔ የእማማን ነው ያልኩት።»

ጋሼ ማንኪያውን አንስተው ወደ አፏ ገፉት። ጥርሷን ነከሰች። እንደገና ገፉት። ቲማቲሙ በአገጯ ላይ ወረደ። «ብዪ!» ብለው ጮኹባት፤ ጋሼ በዚያ ቤት ውስጥ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። «ብዪ እንጂ! ምን ልሁን? ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?» ዶሪስ እጇን ፊቷ ላይ ጋርዳ ኩርምት አለች። እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በእሳቸውም፣ በበሽታውም፣ አንዲት እናት ከሞተች ከስንት ዘመን በኋላ ሰው በሚያስጨንቀው መኮሮኒዋም ተናደድኩ።

«ታላቅ እህቷ በሕይወት አለች አይደል?» አልኳቸው። «ለምን እሷን አይጠይቋትም?»

ዋንዳ ትባላለች፤ እዚያው በተወለዱበት ገጠር ነው የምትኖረው። ጋሼ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ጉዳዩን ነገሯት። ዋንዳ ጆሮዋ ከበድ ስላለ ሁለቴ አስደገመቻቸው።

«የቤከን ስብ ነዋ!» አለች በመጨረሻ። «ቤከኑን ጠብሰህ ታወጣዋለህ፤ ስቡ ላይ ቲማቲሙን ትጨምራለህ። እማማ ሌላ አታውቅም።»

ቤከን ማለት የአሳማ ሥጋ ነው። ጋሼ ደግሞ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ ሰው ናቸው፤ የአሳማ ሥጋ በእጃቸውም ነክተው አያውቁም።

«ሽንኩርት የለውም?» አሉ፣ ሌላ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው።

«ሽንኩርት ለምን?»

«ዶሪስ ግን ቤከን አትበላም እኮ።»

«አንተን ካገባች ወዲህ ነዋ የማትበላው!» አለች ዋንዳ። «ስትጋቡ እማማ ስብ የምታጠራቅምበትን ጣሳ ሰጥታት ነበር፤ ከአያታችን የመጣ ጣሳ። አሳማ ቤትህ እንደማይገባ አንተ ስትነግራት ዶሪስ አውጥታ ጣለችው። ያን ቀን ደውላልኝ አለቀሰች። አልነገረችህም?»

ጋሼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዋንዳ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሄሎ? ሄሎ?» ስትል ቆየችና ዘጋች። ጋሼ ምድጃው አጠገብ፣ ጣሳው ሊቀመጥ ይችል የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያሉ። «ትወደው ነበር ማለት ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ ስጾም አብራኝ ስትጾም፣ ይቺ ሴት ምንም አይጎድልባትም እል ነበር።» አጽናኝ ነገር ባስብም የመጣልኝ ሁሉ ውሸት ነው።

ተነሥተን ገበያ ሄድን። እኔም እንደ እሳቸው ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሁለት አበሾች በሁዳዴ የአሳማ ሥጋ ፍሪጅ ፊት ቆመን የትኛው እንደሚሻል ስናማርጥ ያየን ሰው ምን ይል እንደነበር እግዜር ይወቀው። ደግሞ አልቀረልንም። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ብርቅነሽ ጋሪዋን እየገፋች ብቅ አለች። እኔ ፈጠን ብዬ ቤከኑን በዳቦ ሸፈንኩት። ጋሼ ዳቦውን አነሡት።

«ለዶሪስ ነው» አሏት። «አሳማ ነው፤ ሁዳዴ መሆኑንም አውቃለሁ። የማበስለውም እኔ ነኝ።»

ብርቅነሽ አፏን ልትከፍት ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው። «እግዜር ይማርልዎ ጋሼ» ብላ ክንዳቸውን ዳበስ አድርጋ አለፈች። ለጠብ ተዘጋጅቼ የነበርኩት እኔ አፈርኩ።

ቤት ደርሰን ጋሼ መስኮቱን ሁሉ ከፈቱ። አማተቡና ቤከኑን በሹካ ጫፍ እያነሡ መጥበሻው ላይ ደረደሩት። ስቡ መቅለጥ፣ መንጣጣት ጀመረ፤ እጃቸው ላይ ሲረጭ አልሸሹም። ሽታው ቤቱን ሞላው። እውነቱን ልናገርና ሽታው ይጣፍጣል፤ ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ሥጋውን አወጡ፣ ቲማቲሙን ከነውኃው ገለበጡበት፣ መኮሮኒውን ጨመሩ።

«ታዲዮስ፣ ጨው በቃው?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ?»

ተያየን። የሚቀምስ የለም። ሶልያና ብትኖር ትቀምሰው ነበር፤ እሷ ውጭ የምትበላውን አባቷ እንዳልሰሙ ያልፉታል። እኔ ልቅመስልዎ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ጋሼ እሳቱን አጥፍተው ድስቱ ላይ እንዳቀረቀሩ ቆሙ። «ይኼም ካልሆነ» አሉ፣ «ሌላ የማውቀው የለም። አለቀ። ሰዎቹ ይምጡ።»

ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማን። ዶሪስ ናት። ሰው ሳይደግፋት ከአልጋዋ አትነሣም ነበር፤ ግድግዳውን ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ ራሷ መጣች። አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች።

«ደረሰ?» አለች።

ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥናት። ጋሼ በሳህን አቀረቡላት፤ ማንኪያውን ግን ለመስጠት ፈሩ። ራሷ ወሰደችው። አንድ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛ ጎረሰች፤ ከዚያ ቀና ሳትል መብላት ቀጠለች፤ ቀዩ መረቅ በከንፈሯ ዳር እየወረደ፣ መኮሮኒውን እያሳደደች በላች። ጋሼ የወንበሯን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እንባቸው ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

«ለሶልያና ደውልላት» አሉኝ በሹክሹክታ። «እየበላች ነው በላት። ኮል አታድርጉ በላት።»

ስልኬን ሳወጣ ዶሪስ ቀና ብላ ጋሼን አየቻቸው።

«ምነው ቆመሃል? ተቀመጥ እንጂ» አለች፤ በደህና ቀኗ እንግዳ ስትቀበል በነበረው ድምፅ። ተቀመጡ። ማንኪያውን ሞላችና ወደ አፋቸው ዘረጋችው።

«አንቺ ብዪ» አሉ፤ ጭንቅላታቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

መረቁ ከማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። እሷ ግን አላወረደችውም።

«በሞቴ» አለች፤ በአማርኛ፣ በዚያ በቴክሳስ ምላሷ።

ይህቺን ቃል ከእኛ ማዕድ የተማረቻት ናት። ስንቱን ጠግቤያለሁ ያለ እንግዳ በዚህች ቃል አጉርሳዋለች። አሁን ግን ዐሥር ኪሎ የማትሞላ የምትመስል ሴት፣ አጥንቷ የሚታይ እጇን ዘርግታ በሞቴ ትላለች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። አላመጡ። ዋጡ።

«ይጥማል?»

«ይጥማል።»

ደስ አላት። ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ በር በሩን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለባሌ ግን እንዳትነግረው» አለቻቸው። «እሱ ይህን አይበላም። እቤቱ ውስጥ እንደበላሁ ቢሰማ ይከፋዋል። በጣም ጥሩ ሰው ነው፤ እንዲከፋው አልፈልግም።»

የጋሼ እጅ ጠረጴዛው ላይ ወደ እጇ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ።

«አልነግረውም» አሉ።

ዶሪስ አመሰገነቻቸውና ማንኪያዋን እንደገና ሞላች።