የፕሮሰሰሩን ጊዜ የበላው

እኚህን ሐጂ ሳላመሰግናቸው አልውልም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሰሊጥ ድርጅት አላቸው፤ እኔ የምጠብቀው ሜይንፍሬም የሚሉት ትልቁ አሮጌ ኮምፒውተራቸው ሲያጓራ ጠረፉ ገላባት ድረስ ይሰማል።

የእህቴ ልጅ ሰላም የመጋዘኑን ፕሮግራም በዚሁ ማሽን ታሠራለች። አንድ ቀን ያው ፕሮግራም፣ በዚያው መረጃ፣ የትናንቱን እጥፍ የፕሮሰሰር ጊዜ ፈጀ።

«ነካክታዋለች፤ ትሰናበት!» አሉ ሐጂ። ልጅቷ እንባዋ መጣ።

«ሐጂ፣ በራችን ላይ ያለችውን ሻይ ሻጭ ያስቧት» አልኩ። «ብቻዎን ሲሆኑ ስኳርዎ እጇ ሥር ነው። ሰው ሲበዛ ወደ ሣጥን ትመልሰዋለች፤ እንደገና ስትፈልገው የሚባክነው ጊዜ በእርስዎ ሻይ ላይ ይቆጠራል። ፕሮሰሰሩም ሌላ ሥራ ሲጋፋው የሰላምን መረጃ ከአጠገቡ ያርቀዋል።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ተረትህን ተው!»

የቀትሩ ሶላት ዙሁር ደረሰና ሐጂ ላፕቶፓቸውን ዘግተው ወደ መስጊድ ወጡ። ሰላም ፕሮግራሙን አሠራችው፤ ጊዜው ወደ ድሮው ወረደ። ሐጂ ተመልሰው ላፕቶፓቸውን እንደከፈቱ፣ ዓይናቸው እያየ ደግማ አሠራችው። አሻቀበ! ማን እየተጋፋት እንደሆነ ስናይ፣ ለካ በየደቂቃው የሽያጭ ሪፖርት እያዘዙ ማሽኑን የሚያጨናንቁት ራሳቸው ሐጂ ናቸው።

ሐጂ ላፕቶፑን ዘግተው ለሰላም አቀበሏት።

«ልጄ፣ ሪፖርት ስፈልግ አስፈቅድሻለሁ» አሏት።