ጨው ልገዛ ብዬ

ስደተኛ ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ ከቤቱ የሚወጣው በሌሊት ነው። ውሻ ይጮኻል፣ ጨረቃ ትወጣለች፣ እናት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ውሻ አልነበረንም። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። በር ላይ የቆመችው የአራት ዓመቷ ልጄ ሰዓዳ ነበረች፤ እሷም አላለቀሰችም፤ ምክንያቱም የነገርኳት ጨው ልገዛ ገበያ ደርሼ እንደምመለስ ነው።

የእኛ አገር ሰው ልጅ ጥሎ ሲሄድ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ልጁ እንዳያለቅስ ነው ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እንዳላለቅስ ነበር። ሻንጣዬን ይዞ እስከ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ የሸኘኝ አባቴ አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ፣

«ለልጅ አይዋሽም፣ መዲና» አለኝ።

«ትረሳዋለች አባባ።»

«አንቺ ልጅ ሆነሽ የዋሹሽን ረስተሻል?»

ደግነቱ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋው።

አባቴ ተረት አዋቂ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» ካላልነው ዓመትም ቢቆይ አይጀምርም። አንድ ቀን እኔና ወንድሜ ሁሴን ተኳርፈን ሁለታችንም ዝም ብንለው፣ «እንግዲያው በረቱ ተዘግቷል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሲጨርስ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ያን ጊዜ ከእኛ አንዱ በፈንታው ተረት መመለስ አለበት። ተረት ሰምተው ሳይመልሱ መቅረት እሱ ዘንድ ሌብነት ነው።

ስለ ሰዓዳ አባት ብዙ አላወራም። በተረት ፍቅር ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ተደግሶ በደስታ ያልቃል። የእኔ ሰርግ አንድ ቀን ነበር። ባሌ ልጃችን ሳትድህ ጅዳ ሄደ፣ እዚያም ሌላ አግብቶ ቀረ። እወደው ነበር፣ አልክድም። ሰው ሲጠይቀኝ «ተለያየን» እላለሁ፤ ግን ለመለያየትም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ቁጭ ባልኩበት ነው የቀረብኝ።

አዲስ አበባ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ «ለምን ትሄጃለሽ?» አለኝ። ለሥራ አልኩት። «ምን ሥራ?» ኤጀንሲው ያውቃል አልኩት። «አንቺስ አታውቂም?» ሲለኝ «ደርሼ እደውልልሃለሁ» አልኩት፤ ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። ከዚያ በኋላ የሚስቅ የመንግሥት ሠራተኛ ለማየት ብዙ ቆየሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አጅማን በምትባል የዓረብ አገር ከተማ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ማዳም ቤት ሠራሁ። የበጋው ሙቀት ከድስት ላይ ክዳን ሲያነሱ ፊት ላይ እንደሚመጣው እንፋሎት ነው፤ ልዩነቱ ክዳኑን መልሶ የሚገጥመው የለም። እንጀራ ሲያምረኝ ኩብዝ የሚሉትን ቂጣቸውን በበርበሬ እበላ ነበር። ባሕሩን መጀመሪያ ሳየው እንደ ሐይቃችን መስሎኝ በእፍኜ ጨልፌ ቀመስኩት፤ ጨው! ጨው ልገዛ ብዬ የወጣሁትን ሴትዮ አላህ ወስዶ ጨው ውስጥ አስቀመጠኝ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ።

ስልክ የሚፈቀድልኝ ዓርብ ዓርብ ነበር። ሁሴን ያነሳል፣ አባባ ይመርቀኛል፤ ሰዓዳ ግን እምቢ ትላለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሲያደርጉላት አስቀምጣው ትሄዳለች። በመጀመሪያው ወር አኩርፋ ነው አልኩ። በመጀመሪያው ዓመት አፍራ ነው አልኩ። በአምስተኛው ዓመት የምለው አጣሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የልጄን ድምፅ የማውቀው ከጀርባ፣ ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ ነው።

ኮሮና ሲመጣ ከማዳም ወጥቼ ኡድ ሜታ በሚባል ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበር። የምኖረው ሻርጃ ከተማ፣ ሮላ ሰፈር፣ ቤድ ስፔስ ውስጥ ነው፤ ማለትም የተከራየሁት ቤት ሳይሆን አልጋ ነው፤ እሱም የታችኛው። ስምንት ሴቶች ነን። ክሊኒኩ ግማሾቻችንን «እስክንጠራችሁ ቤት ቁጭ በሉ» አለን። ቁጭ የምንልበት ቤት እንዳለን አልጠየቀንም።

ስምንተኛዋ እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ የመርካቶ ነጋዴ። ከዴይራ ገበያ የልጆች ጫማ በጅምላ ገዝተው ሊመለሱ ለዐሥር ቀን የመጡ፣ አውሮፕላን ሲቆም ሆቴሉ የተወደደባቸውና እኛ ጋ ከነሻንጣዎቻቸው የገቡ ናቸው። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ደረሳቸው። በአምሳ ዓመታቸው መሰላል ሲወጡ «እንኳን ያገሬ ሰው አላየኝ!» ይላሉ፤ ሰባታችንም ያገራቸው ሰዎች ቁጭ ብለን እያየናቸው።

አንድ ቀን የሕንፃው ጠባቂ፣ ናጡር የምንለው፣ በሩን ከፍቶ ከሩቅ ቆመና «ሁለት ሜትር! በሁለት ሜትር ተራራቁ!» አለ በተሰባበረ ዓረብኛው።

«ክፍሉ ራሱ ሦስት ሜትር ነው» አልኩት።

«መንግሥት ነው ያለው።»

«ስለዚህ ስድስታችን እንውጣ?»

«መውጣት ክልክል ነው!»

«ታዲያ ምን እንሁን?»

አሰበ፣ አሰበና «ማፊ ሙሽኪላ» ብሎ ዘግቶን ሄደ። ችግር የለም ማለቱ ነው።

ያን ሰሞን ነው፣ ሥራ ፈትቼ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ የአባቴ ደንብ ትዝ ያለኝ። ለማናገር እምቢ ያለች ልጅ ለተረትስ? ስልኬን አነሳሁና ሁሴን ስልክ ላይ ለሰዓዳ ብዬ የድምፅ መልእክት ላክሁ። ሁለት ቃል ብቻ። «ተረት ተረት።»

መልስ የለም። በማግስቱ ደገምኩ። «አዳመጠችው?» ስለው ሁሴን «አዳምጣው ሄደች» ይለኛል። በየቀኑ ላክሁ። የክፍሉ ሴቶች ጠዋት ሲነሱ ከሰላምታ በፊት «በረቱ ተከፈተ?» ይሉኝ ጀመር። ከዚህ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም፤ ደሞዝ ተቋርጦ፣ ቪዛዬ ሊያበቃ ደርሶ፣ እኔ የምጠብቀው ሁለት ቃል ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ጎርነን ያለ፣ እንደ ግዴታ የወጣ ድምፅ፤ «የላም በረት።»

እትዬ ብርቄ ከላይ ሆነው እልል አሉ። ጎረቤቶች ከወዲያ በኩል ግድግዳውን ደበደቡ።

ተረቱን ለማሰናዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ ወጣች አልኩ፤ ስትደርስ ገበያው ከቦታው ተነስቶ ሄዷል። ፈለጉን ተከተለችው፤ ወንዝ ሲሻገር ተሻገረች፣ ባሕር ሲሻገር ተሻገረች። በቀረበችው ቁጥር ድንኳኑን ነቅሎ ይሄድባታል። ቀን አልፎ ቀን ተተካ፣ ልጇም አደገች...

«ቆዪ» አሉ እትዬ ብርቄ። «በአንድ አፍታ አደገች?»

«ተረት እኮ ነው እትዬ። በተረት እንደዚያ ነው የሚባለው።»

«እኔ አራት አሳድጌያለሁ፤ አንዳቸውም እንደዚያ አላደጉልኝም። ማን አጎረሳት? ማን አጠባት? በዪ እሺ፣ የራስሽ ጉዳይ ነው። መጨረሻውስ?»

መጨረሻ አልነበረኝም። «ተረቴን መልሺ፣ አፌን በዳቦ አብሺ» ብዬ ላክሁት።

ስጠብቅ ሳምንት አለፈ። ሁሴንን ደውዬ ስለ አባባ ስጠይቀው «መስጊድ ሄዷል» አለኝ። ባለፈውም መስጊድ ነበር፤ ከዚያ በፊት ተኝቶ ነበር። ስልኩን ስዘጋ እትዬ ብርቄ «አገር ቤት መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ አላሉም እንዴ?» አሉኝ። «አባቴን ከመስጊድ የሚዘጋ በር የለም» ብዬ ሳቅኩ። ሰው ሊያውቀው የማይፈልገውን ነገር እንዴት እንደሚያሳልፈው ይገርማል።

የሰዓዳ ተረት የመጣው ዕሮብ፣ ምሳ ስንበላ ነው። ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። እንዳለችው ነው የምጽፈው፤

«አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ጨው ልትገዛ ሄደች። ልጅቷ በር ላይ ጠበቀች። ምሳ ያለ ጨው በሉ። ከዚያ የአጎቷ ሚስት ከጎረቤት ጨው ተበደረች፤ ልጅቷ ግን ያን ጨው አልበላም አለች። ከዚያ ጥርሷ ወለቀ፣ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ሌላ ጥርሷ ወለቀ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ ሦስተኛ ወጣች። ከዚያ ጫማ ተላከላት፤ ጠበባት፤ የላከችላት ሰው እግሯን አታውቀውም። ከዚያ በሽታ መጣ ተባለና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያ አያቷ ጠዋት ለሶላት አልተነሳም። በዚያ በሽታ አይደለም፣ ልቡ ነው አሉ። ሰው አይሰብሰብ ስለተባለ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀበሩት። አጎቷ፣ ለእናቷ እንዳትነግሩ፣ ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ መንገድ ሲከፈት እንነግራታለን አለ። ልጅቷም ለማንም አልነገረችም። ተረቴን መልሺ፣ አፌን በዳቦ አብሺ።»

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጠዋት በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከበው አስቀምጠው ነው የሚነግሩት። ለእኔ ሊነግሩኝ የሚችሉ ሰዎች ሁሉ በር ተቆልፎባቸው ነበር። ልጄ ግን ቃሏን ሳታጥፍ ነገረችኝ፤ ተረት እኮ ነው ያወራችው። አባቴን አለቀስኩት። ከአልጋዬ ወርጄ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ አባባ፣ አባባ እያልኩ አለቀስኩ። ዘሀራ የምትባል የቦረና ልጅ ራሴን በሻርፕ ሸፈነችልኝና «ኢና ሊላሂ» አለች። እትዬ ብርቄ ከመሰላሉ ወርደው ወገቤን ይዘው፣ ላላዩት ሰው እንደ እህቴ አለቀሱ።

ናጡሩ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። «ሹ ሃዳ? ምንድን ነው ይኼ? መሰብሰብ ክልክል ነው! ተበተኑ!»

«ወዴት?» አሉት እትዬ ብርቄ በአማርኛ። «እዚሁ እኮ ነው የምንኖረው፣ አንተ ሰውዬ!»

ምን እንዳሉት አልገባውም፤ እኔን ግን መሬት ላይ አየኝ። ጫማውን አወለቀና በር ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሁለት ሜትር አላነሳብንም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። በእነዚያ ቀናት ያሰብኩት ይኼን ነው። እኔ ልጄን እንዳታለቅስ ብዬ ዋሸኋት፤ ወንድሜ እኔን እንዳላለቅስ ብሎ ዋሸኝ፤ ሁለታችንም ስለወደድን ነው። አባቴ ብቻ ነበር ይኼ ዓይነት መውደድ የማይዋጥለት። ሁሴንን ልቆጣው አልቻልኩም። ብቆጣው ደግሞ የነገረችኝ ሰዓዳ መሆኗን ያውቃል።

በአራተኛው ቀን ደወልኩ። «አባባስ?» አልኩት።

«መስጊድ... መስጊድ ሄዷል።»

«ሰላም በልልኝ። ሰዓዳን አቅርብልኝ።»

«እንደምታውቂው እምቢ ትላ...» ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ከእጁ ወጣ። ትንፋሽ ሰማሁ። እኔ ተረት ልመልስ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ጨውስ ገዛሽ?» አለችኝ።

በአምስት ዓመት የመጀመሪያው ቃሏ ነው።

«አልገዛሁም» አልኳት። «ጨው ልገዛ አልነበረም የሄድኩት። ዋሽቼሽ ነው ልጄ። ሥራ ፍለጋ ነው የሄድኩት፤ መቼ እንደምመጣም አላውቅም።»

«አውቃለሁ። አባባ የዚያኑ ዕለት ማታ ነግሮኛል።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ለምን አታናግሪኝም ነበር?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ!»

የእግሯን ቁጥር ጠየቅኳት። አንዴ ቆዪ ብላ ሄዳ ጫማዋን ገልብጣ አይታ መጣች፤ ሠላሳ አራት። እትዬ ብርቄ ከላይ ሻንጣቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሁሴን ሹክ ብሎ፣ ደንግጦ፣ «ስለ አባባ ምን አለችሽ? ምን አልሻት?» ሲላት ይሰማኛል።

«ምንም» አለችው ሰዓዳ፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብላ። «መስጊድ ነው አልኳት።»

«ሰላም በዪልኝ» አልኳት።