ቢስቲማ በርታለች

ኮምቦልቻ ቅርንጫፋችን የሚሠራው ጓደኛዬ ለኮምፒውተሩ የትውልድ ከተማውን ስም አውጥቶለት ነበር፤ ቢስቲማ። እኔ ደሴ ዋናው ቢሮ ቁጭ ብዬ የየቅርንጫፉን ማሽኖች በስክሪን እከታተላለሁ። ጠዋት ገብቶ ሲከፍተው ስሙ አረንጓዴ ሆኖ ይበራልኛል።

እናቱ ይህን ያውቁ ነበር። ልጃቸው ስልክ አላነሳ ሲላቸው ለኔ ይደውላሉ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣ በራች?»

«ወአለይኩም ሰላም እማማ። አብሽሩ፣ ቢስቲማ በርታለች። ገብቷል ማለት ነው።»

«አልሃምዱሊላህ» ብለው ይዘጋሉ። ሌላ ወሬ የለም።

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ወንድሜ ነበር ብል አላጋነንኩም፤ አልተረፈም። አገሩ ወስደን ቀበርነው። ወንበሩን ሌላ ሰው ተረከበ፤ የኮምፒውተሩን ስም ግን ማንም አልነካውም። እናቱም ከሀዘኑ በኋላ መደወላቸውን አልተዉም፤ እንዲያውም በየጠዋቱ ሆነ። «በራች?» «በርታለች እማማ።» ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ምን ላድርግ?

አንድ ሰኞ ቢስቲማ የለችም። በቦታዋ ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር ተደርድሯል። ለካ ኮምቦልቻ ላይ ኔትወርኩን የሚያስተካክል አዲስ ፕሮግራም ጭነዋል፤ እሱ ሆዬ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ከራውተሩ ስም ተቀብሎ የኛን ይደመስሳል። ኧረ ማን ጠየቀህ? ኔትወርክ አስተካክል ቢሉት ስም አውጪ ሆኖ ቁጭ!

እናቱ ሲደውሉ መዋሸት አቃተኝ። «ዛሬ የለችም እማማ» አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት። በማግስቱ አልደወሉም። ከዚያም በኋላ አልደወሉም። ልባቸውን ሰበርኩት ብዬ ወላሂ እህል አልወርድ አለኝ።

ያንኑ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ስሙን መልሼ ጻፍኩ፤ ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሳ ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም ጠፋ። «አንተ የማትረባ!» ብዬ ስጮህ የቢሮው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! በመጨረሻ ፕሮግራሙን ስም እንዳይነካ የሚከለክለውን ትእዛዝ አገኘሁና አስገባሁ። ዘግቼ ከፈትኩት። ቢስቲማ አለች።

እዚያው እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ሆኜ ደወልኩ።

«እማማ፣ አብሽሩ! ቢስቲማ በራች!»

አልሃምዱሊላህ አላሉም።

«ልጄ» አሉ፣ «የለችም ስትለኝ፣ እፎይ፣ ልጄ ሥራውን ጨርሶ ተኛ ብዬ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔንም እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሮ ነበር። ምነው ቀሰቀስከው?»