ቡናውን የተፋው ደንበኛ

ክንዱ ሰው የገደለው በሃያ አራት ዓመቱ ነው። ነገሩ የሆነው ስማዳ ነው፤ በሐምሌ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ጊዜ። ጎረቤቱ ዋለ የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ክንዱ ማሳ አስገብቶ ተከለው። ተሰዳደቡ። ዋለ ድንጋይ አነሳ፤ ክንዱ በያዘው ሽመል ጭንቅላቱን መታው። ዋለ ተንገዳገደ። ደገመው፤ ወደቀ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሰውየው ይተርፍ እንደነበር የነገረው ሐኪም የለም፤ እሱ ግን ያውቃል። አላቆመም። ጭቃው ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ እጁን ወደ ላይ የዘረጋውን ሰው ሦስተኛ መታው። ያን ጊዜ የሰማው ድምፅ የደረቀ የባቄላ አገዳ ሲረገጥ ከሚያሰማው ድምፅ አይለይም ነበር።

ለፖሊስ ሁለት ጊዜ መታሁት አለ። ለዳኛውም ሁለት ጊዜ አለ፣ ለንስሐ አባቱም፣ ኋላ ላገባት ሚስቱም። ሦስተኛዋን ዱላ ለራሱ ብቻ አስቀራት።

አሥራ አራት ዓመት ታሰረ። ፊደል የቆጠረው እዚያ ነው። ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ሁለት መደርደሪያ መጽሐፍ ነበር፤ እጁ ከባድ ነው ስለሚባል ገጽ የሚገነጥል አይኖርም ብለው ጠባቂ አደረጉት። መጀመሪያ ሽፋናቸውን ያብስ ነበር፣ ቀጥሎ ሥዕላቸውን ያይ ነበር፣ በአምስተኛው ዓመት ያነብ ጀመር።

ሲፈታ ወደ ስማዳ መመለስ አልቻለም። የዋለ ዘመዶች ሽማግሌ ሲላክላቸው ሁለት ጊዜ ደጃቸውን ዘግተዋል፤ ደሙ እንዳለ ነበር። በዚያ አገር ደመኛ ከደመኛው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ በኋላ እጁን ቢያነሳበት ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል፤ የበላበትን የገደለ ተብሎ ከሰው አይቆጠርም። ስለዚህ ሊገድል ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጉሮሮውን ይጠብቃል።

ክንዱ ንፋስ መውጫ ገባ። መሰለችን አገባ። ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው እሷ ቡና ታፈላለች፣ እሱ በግድግዳው ዙሪያ መደርደሪያ ሠርቶ መጽሐፍ ይሸጣል። ቡና ለጠጣ ሰው ተቀምጦ ማንበብ ነፃ ነው፤ ይዞ መውጣት ግን አይቻልም። በዚህ ደንብ ምክንያት ባለባጃጁ ሞላልኝ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ በአንድ ስኒ አራት ገጽ እያለ ሰባት ወር አነበበው። ተሳፋሪ ከውጭ ሲጠራው ገጹን በክብሪት እንጨት ምልክት አድርጎ ይወጣና፣ ስለ ሚስቱ የሚናገር ይመስል ማንም እንዳይነካት ብሎ ያስጠነቅቃል። በአቅራቢያው ካለው የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ ይበልጣል ደግሞ ወደ ከተማ በወጡ ቁጥር ጥግ ይዘው የተቀደዱትን መጻሕፍት በመርፌና በሰም ክር ይጠግናሉ። ከክንዱ ዋጋ ተቀብለው አያውቁም፤ ቡናው እንዳይቀጥንባቸው ብቻ ነው የሚቆጡት። ዓይናቸው የደከመ እናቶች ውዳሴ ማርያም ሊገዙ ሲመጡ ዋጋ ሳይሆን የፊደሉን ውፍረት ይጠይቃሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ደንበኞች መካከል ክንዱ ሰው መግደሉን የሚያውቁት መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ክንዱ ለበር ጀርባውን ሰጥቶ አይቀመጥም። ቤቱ ውስጥ ዱላ አያስገባም፤ የራሱን እጅ ይፈራል።

ባለፈው ዓመት በጥር፣ ከስማዳ የሚመጣ አንድ ነጋዴ የዋለ ታናሽ ወንድም ዘመኑ ሁለት በግ ሸጦ ከቤት መውጣቱን በጆሮው ነገረው። ወዴት እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ክንዱ ለመሰለች አልነገራትም። በሦስተኛው ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ አንድ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎበዝ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ገባ።

ጋቢውን ሲያወርድ ክንዱ ፊቱን አየ። የዋለ አገጭ ነው፤ የዋለ ግንባር ነው፤ ሲቆም አንድ ትከሻው ዝቅ የሚለውም እንደ ዋለ ነው። ሙት ተነስቶ የመጣበት መሰለው።

"የክንዱ ቤት ይህ ነው፣ ጋሼ?" አለ ወጣቱ።

አላወቀውም። ዘመኑ በልጅነቱ ያየው ግዙፍ፣ ፀጉረ ጥቁር ሰው ነበር። አሁን ፊቱ የቆመው መላጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ በእጁ የአቧራ ጨርቅ የያዘ ሰው ነው። ክንዱ ይህን በአንድ ትንፋሽ ተረዳው። በሁለተኛው ትንፋሽ ደግሞ አሰበበት።

"ይመጣል፣ ተቀመጥ" አለው።

መሰለችን ቡና እንድትቀዳለት በዓይኑ ጠቀሳት። ዘመኑ በመጀመሪያ አልፈልግም አለ። ቤቱ ግን የደመኛው ቢሆንም ቡናው በገንዘብ የሚሸጥ ነው፣ አስተናጋጁም ሌላ ሰው መሰለው፤ ደግሞም የንፋስ መውጫ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበር። ቡና ያልያዘ ሰው እዚህ ቤት ዝም ብሎ ቢቀመጥ ዓይን ይበዛበታል። ስኒውን ተቀበለ። ክንዱ ቁራሽ ዳቦ አስከተለለት። ሲያቀርብለት ሰሃኑን በሁለት እጁ ያዘ። ዘመኑ ዳቦውን ቆርሶ ሲያኝክ ክንዱ ጉሮሮውን እያየ ነበር። ዋጠ። ደገመና ዋጠ።

ልጁ ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል ቆየና መደርደሪያው ላይ የበሬ ሥዕል ያለበት አንድ መጽሐፍ አየ። ስለ ከብት በሽታ እንደሆነ ጠየቀ። ነው ሲባል፣ ቀኝ በሬው እንደሚያስለውና ከሣር እንደራቀ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማረ ራሱ ማንበብ እንደሚችል ተናገረ። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጣቱን በመስመሩ እያስኬደ ያነብ ጀመር። ሰው ለመግደል የመጣ መሆኑን ለአፍታ የረሳ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ክንዱ ዝም ቢል ምናልባት ቀኑ በሌላ መንገድ ያልፍ ነበር። እሱ ግን የመጨረሻዋ ጉርሻ እስክትዋጥ ጠብቆ ፊቱ ቆመ።

"ክንዱ እኔ ነኝ" አለው። "እንግዲህ እህል ውሃዬን ቀምሰሃል።"

በድምፁ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረች። በኋላ ሲያስታውሳት ከሁሉ አብልጣ ያሳፈረችው እሷ ናት።

ዘመኑ መጽሐፉን ዘጋ። ለረጅም ጊዜ መነጽሩን፣ መላጣውን፣ የአቧራውን ጨርቅ አየ። ቅድም ጋሼ ብሎ ያከበረውን ሰው አሁን አንተ አለው።

"ወድቆ እያለ ነው የመታኸው፤ ሦስተኛውን። ከካቡ ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።"

ዘመኑ ተነስቶ ወጣ። ከደጁ ፊት ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ዳር ተንበርክኮ ሁለት ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። ቡናው መጣ። እንደገና ከተተ፤ ዳቦው ተከተለ። ሆዱ ባዶ ሆኖ ሐሞት እስኪወጣው ድረስ ደጋገመ። ሞላልኝ ከልብ ወለዱ ቀና ብሎ አየውና፣ መሰለች ዛሬ ቡናው ላይ ምን ቀላቅላ እንደሆነ ጠየቃት። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም፤ መርፌያቸውን የክሩ ጥቅል ላይ ሰክተው አስቀመጡ።

ዘመኑ አፉን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ተመለሰ። ሳንጃውን ከብብቱ መዞ ነበር።

"ወጣልኝ" አለ። "አሁን ያንተ ምንም የለብኝም።"

የመጀመሪያው ለአንገቱ የታሰበ ነበር። ክንዱ ግራ እጁን ከለለ፤ ሳንጃው ትንሿን ጣቱንና ከጎኗ ያለችውን ከሥራቸው ወሰዳቸው። ሕመሙ ወዲያው አልተሰማውም፤ ጣቶቹ ወለሉ ላይ ሲወድቁ ግን አያቸው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ገባ። ወደ ኋላ ሲወድቅ መደርደሪያውን ይዞ ወደቀ፤ መጻሕፍቱ ሁለቱም ላይ ዘነቡ። መሰለች ከምድጃው ላይ ጀበናውን አንስታ በዘመኑ ፊት ላይ ሰበረችው። የፈላው ቡና ጉንጩንና አንገቱን ገሸለጠው፤ ጮኸ፤ በጭፍን ሲሰነዝር የመሰለችን ክንድ ሰነጠቀው። ሞላልኝ ከኋላ አንቆ ያዘው፤ በክርን አፉን ሲለው ሁለት ጥርሱን ተፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሳንጃው ግን ከዘመኑ እጅ አምልጦ ከክንዱ ጉልበት ሥር ወደቀ።

ክንዱ አነሳው። በምን ጉልበት እንደሆነ አያውቅም፤ ዘመኑን ገፍትሮ በጀርባው ጣለውና ደረቱ ላይ ተንበረከከ። ከተቆረጠው እጁ የሚፈሰው ደም በልጁ የተቃጠለ ፊት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሳንጃውን አነሳ። ከሥሩ ያለው ሰው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ መዳፉን ከፍቶ፣ ጣቶቹን ለይቶ፤ ልክ ያን ጊዜ ጭቃው ውስጥ እንደተዘረጋው እጅ።

"ክንዱ" አሉ መሪጌታ ከጥጉ ሳይነሱ፤ "ሁለተኛ ነፍስ ልታጠፋ ነው?"

ክንዱ እንደ ትልቅ ዛፍ ወደ ጎን ወደቀ። ሳንጃውን ወደ ምድጃው ሲወረውረው አመዱ ቦነነ። ፖሊሶች ሲደርሱ ሁለቱም አንዱ ከሌላው ጎን በመጻሕፍቱ መካከል ተጋድመው ያቃስቱ ነበር።

ሐኪም ቤት መሪጌታ ሊጠይቁት መጡ። ክንዱ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ በልቶ የተፋው ሰው እንደ በላ ይቆጠር እንደሆነ ነበር። አሁንም ነገሩን በዚያ በኩል ሊይዘው ፈልጎ ነበር፤ ልጁ ነውር ሠርቷል እንዲባልለት። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጁ ከማን እጅ እንደሚበላ ሳያውቅ ነው የበላው፤ ሳያውቅ የበላ ሰው በእህሉ አይታሰርም። አንተ ግን እያወቅህ አበላኸው። እህልን ወጥመድ አደረግኸው" አሉትና የታሰረ እጁን ዳሰው ወጡ።

ቁጣ ከሰማ ብዙ ጊዜው ነበር። ያን ሌሊት ከቁስሉ ይልቅ ይህ ነገር አላስተኛውም።

ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር፣ ዳኛው የሳንጃውን ነገር ብቻ ነበር የጠየቁት። ክንዱ የተጠየቀውን መለሰ። ከዚያ ሳይጠየቅ፣ ልጁን አታልሎ ማብላቱን ተናገረ። ቀጥሎም ወንድሙን የመታው ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ እንደሆነ፣ ሦስተኛውን የመታውም ወድቆ እጁን ዘርግቶ እያለ መሆኑን ተናገረ። ዘመኑ ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ቀና አለ። መሰለች፣ ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ከኋላ ወንበር ሰማችው። ሁለት ሳምንት አላናገረችውም፤ ቡና ታፈላለች፣ ስኒ ታጥባለች፣ ለደንበኛው ትስቃለች፣ ለእሱ ግን አፏን አትከፍትም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሽሮ አቀረበችለትና "ሌላ የቀረ አለ?" አለችው። የለም አላት። ብላ አለችው።

ዳኛው የክንዱን ቃል ቆጥረው ቅጣቱን ስላቀለሉለት፣ ዘመኑ አንድ ዓመት ብቻ ተፈረደበት። በሬው እሱ እስር ቤት እያለ ሞተ።

ሱቁ ተጠገነ። ሞላልኝ በሁለት ወርቅማ ጥርስ ብቅ ብሎ፣ ልብ ወለዱ መጨረሻ ላይ ሰውየው ልጅቷን ሳያገባ በመቅረቱ ጥርሱን ያወለቀው ለከንቱ እንደሆነ ለመጣው ሁሉ ያወራል። ደም የነካቸውን መጻሕፍት መሪጌታ አንድ በአንድ ሽፋን ቀየሩላቸው። የበሬ ሥዕል ያለባትን ግን ክንዱ እንዳለች ይተዉለት ዘንድ ለመናቸው። ጠርዟ ቡናማ ሆኖ ደርቋል።

ዘንድሮ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ዘመኑ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ግማሽ ፊቱ ከቃጠሎው የተነሳ እንደ ፍየል ሌጦ ተኮማትሯል። ሞላልኝ አፉን በእጁ ሸፈነ። መሰለች ጀበናውን ጨበጠች። ዘመኑ ጋቢውን በሁለት እጁ ገልጦ ብብቱንና ወገቡን አሳየ፤ ምንም አልያዘም።

የበሬዋ መጽሐፍ አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላ በሬ ገዝቷል። ክንዱ አውርዶ ሦስት ጣት በቀረው እጁ ሰጠው። ዘመኑ እጁን አየ፤ ክንዱም የልጁን ጉንጭ አየ። በሩ ላይ እንደቆመ ገጹን ፈልጎ አገኘና አነበበ፤ ጣቱን በመስመሩ እያስኬደ፣ ቀስ እያለ። ቡና የሚያቀርብለት አልነበረም። ክንዱ ምን ጊዜም ቢሆን ለዚህ ሰው ስኒ እንደማያነሳለት ለራሱ ምሎ ነበር።

አንብቦ ሲጨርስ ዘግቶ መለሰለት። ከንፈሩ በንፋሱ ደርቆ ነበር።

"ውሃ ስጠኝ" አለ።

ክንዱ የሰማውን አላመነም፤ አልተንቀሳቀሰም።

"ውሃ ነው ያልኩህ። ከማን እጅ እንደምጠጣ አውቃለሁ።"

መሰለች ከእንስራው በጣሳ ቀድታ ለክንዱ ሰጠችው፤ ክንዱ ለዘመኑ ሰጠው። ጣሳው በሁለቱ እጅ መካከል ሲያልፍ ትንሽ ፈሰሰ። ዘመኑ ዓይኑን ከክንዱ ዓይን ሳይነቅል እስከ ጭላጩ ጠጣው። ጣሳውን መለሰ፤ አመሰግናለሁ አላለም፤ እግዚአብሔር ይስጥህም አላለም። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ።

ክንዱ ጣሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተው። ልጁ ቦይዋ ዳር ደረሰና ቆመ። ወደ ታች አያት። ከዚያ ዘመኑ አንድ እግሩን አንስቶ ተሻገራትና በገበያተኛው መካከል እየተጋፋ ወደ ከብት ተራ ወረደ።